የጆንያው ሦስት ኪሎ

መስከት፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ኢሳይያስ፣
ሸኮ

ጋሼ፣ የጌታ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ከተቻለም ያንን ጆሮዎን ትንሽ ይክፈትልኝ፤ ስልክ ቢሰሙ ኖሮ ይህን ሁሉ በወረቀት ባላደከምኩዎ ነበር። እኔ እዚሁ ዓረብ አገር ሆስፒታል ወለል ማጽዳቴን ቀጥያለሁ። ሥራው ይከብዳል፣ ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ከአንዲት የሚዛን ከተማ ልጅ ጋር ተዋወቅን። ለፋሲካ አገር ቤት ነበረች። ሸኮ ገበያ እናቴን አይታታለች። "ነጠላዋ ነው የሚራመደው እንጂ እሷስ የለችም፤ ደግሞ ታስላለች" አለችኝ።

ጋሼ፣ በእጄ ያለው የመጨረሻ ደብዳቤዎ የሚያዝያ ነው። "እናትሽም እኔም ሁላችንም ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን" ይላል። ይቺን አባባል አውቃታለሁ። አባቴ ከተቀበረ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ያኖራችሁኝ በዚችው ነው። "አባትሽ ሰላም ብሎሻል" ብለው የጻፉልኝን ደብዳቤ እስካሁን አልጣልኩትም። እኔ ለሞተ ሰው ሹራብ ገዝቼ ላክሁ! ማን እንደለበሰው ጠይቄ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ቃል አልፈልግም። መስመር ይላኩልኝ።

እዚህ በሽተኛ በተኛበት አልጋ ግርጌ ባለ ካሬ ወረቀት ይንጠለጠላል። ነርሶቹ በየቀኑ ነጥብ ያደርጉበታል፣ ነጥቡን ካለፈው ነጥብ ጋር በመስመር ያገናኙታል። ቋንቋቸውን በደንብ አልሰማም፤ መስመሩን ግን ወለል እየወለወልኩ ማንበብ ለመድኩ። የትኩሳት ከሆነ መውረዱ መልካም ነው፤ የኪሎ ከሆነ መውጣቱ። ዘመድ ሲመጣ በሽተኛው "ደህና ነኝ" ይላል፤ ወረቀቱ ግን አይዋሽም።

እርስዎ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ቡና የመዘኑ ሰው ነዎት። እናቴን በየቅዳሜው ይመዝኑልኝ። ከታች በአግድም ቅዳሜዎቹን ይጻፉ፣ በጎን ወደ ላይ ኪሎውን። ቅዳሜውና ኪሎው በሚገናኙበት ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ ነጥቦቹን በመስመር ያያይዙ። ሌላ ምንም አይጻፉልኝ። የሚያስፈልገውን መስመሩን አይቼ እኔው አውቃለሁ።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ያልተቆጣሁ እንዳይመስልዎ።

ልጅዎ ዓለምሸት

---

ሸኮ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምሸት፣

ጌታ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የወለወልሽው ወለል እንኳ ይመርቅሽ። ደብዳቤሽ ሰኔ 17 ቀን ደርሶኛል። ሁለት ወር ዝም ማለቴ ንቄሽ አይደለም። መስመር ብለሻል፤ መስመር ደግሞ ካንድ ነጥብ አይወጣም። ስምንት ቅዳሜ ጠበቅሁ።

ቃል አልፈልግም ብለሻል፣ ግን ይቺን ስሚኝ። እናትሽን የያዛት የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይኸው ጻፍኩት። "ብርድ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይለቃታል" እያልኩ እሷንም ራሴንም ሳታልል ነበር። ደብዳቤሽ በመጣ በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ በዚያው መድኃኒት ጀመረች። ስድስት ወር ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ጤና ባለሙያዋ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ" ብላ ቀሪውን ተወችው። እኔም አልጠየቅኋትም።

ስላባትሽ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያኔ ሽማግሌ ተቀምጦ "በሰው አገር ብቻዋን መርዶ አይነገራትም፣ ማን ይይዛታል?" ተባለ። የሽማግሌው ምክር ነው ብዬ አላመልጥም። የጻፈው እጅ የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ሹራቡ ሳጥኔ ውስጥ ታጥፎ አለ፤ ማንም አልለበሰውም።

አሁን ስለ መስመርሽ። ልጄ፣ አቃጠልሽኝ! ጆንያ ስመዝን የኖርኩ ሰው፣ አንድ ወረቀት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ቁጥሩን ከዜሮ ጀምሬ በየካሬው አንዳንድ ኪሎ ብደረድር ወረቀቱ አለቀና እናትሽ ጣሪያው ላይ ቀረች። በመጨረሻ ግቢያችን ውስጥ ክፍል የተከራየችውን የሒሳብ አስተማሪ ኢክላስን ለመንኳት። ለክረምት ማጠናከሪያ እዚሁ ቀርታለች። "ጋሼ፣ ከ35 ይጀምሩ፤ ከዚያ በታች የሉም እኮ" ብላ በጆሮዬ ጮኸችብኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ግን ተከራከርኳት፦ "የመዘንኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ረቡዕ ላይ ስንት እንደነበረች ሳላውቅ እንዴት መስመር አልፍበታለሁ?" ሳቀች። "ረቡዕንማ እንገምታለን፤ ቅዳሜን ግን እንምላለን" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ እንደ ሚዛን ያዥ ነው የምታስበው።

አመዛዘናችን እንዲህ ነው። ድሮ በሠራሁበት የቡና መረከቢያ ሚዛኑን አሁን የያዘው እኔ ያስለመድኩት ጥበቡ ነው። እናትሽ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ደጅ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ጆሮዬን ስለሚያውቅ ጥበቡ ቁጥሩን በጠመኔ በሩ ላይ ይጽፍልኛል። እናትሽ የመጀመሪያው ቀን "እኔ ሰው ነኝ ወይስ ጀንፈል ቡና?" ብላ አኩርፋ ነበር። አሁን ቅዳሜ ሲደርስ እሷ ናት የምትቀሰቅሰኝ።

መስመሩ ከዚህ ጋር አለ። ከ38 ተነስታ ነሐሴ 11 ቀን 41 ከግማሽ ገብታለች። ጌታ ይመስገን።

አጎትሽ ኢሳይያስ

---

መስከት፣ ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንቁጣጣሽ በጤና ያድርስዎ፤ አዲሱ ዓመት የሳቅ ይሁንልን።

መስመርዎን አየሁት። አልዋሽም፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ዘግቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ ሁለት ቅዳሜ ዝም ይልና ከዚያ ቀና እያለ ይሄዳል። እናቴን ከመኝታዋ ስትነሳ ያየኋት መሰለኝ። የጻፉልኝን እውነትም ወድጄዋለሁ፤ ቢያመኝም ወድጄዋለሁ።

ግን ጋሼ፣ አንዴ በእሳት የተቃጠለች ነኝና አይቀየሙኝ። ሌት ወረቀቱን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ክረምት ነው። እናቴ በክረምት ያንን ድርብ ጋቢዋን ሳትደርብ፣ ቦት ጫማዋን ሳታደርግ ከቤት አትወጣም። የምትመዘነው ከነጋቢዋ ነው እንዴ? እኔ የላኩት ቦት ብቻውን ስንት ይመዝናል! እኔ የምፈልገው የእናቴን ኪሎ ነው፤ የጋቢ ኪሎ እዚህም ሞልቷል። ለእኔ አዝነው አንድም ነገር እንዳይጨምሩልኝ። እውነቱን፣ እርቃኑን ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ ዓለምሸት

---

ሸኮ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምሸት፣

ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የቡና ለቀማው ስለጀመረ በአጭሩ ነው የምጽፍልሽ። ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ነው ያፈራው፤ ሰው ሁሉ ጫካ ገብቷል።

የነሐሴው ደብዳቤሽ ትንሽ ቆርጦኛል። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ይዤ አንድ ገበሬ "ኢሳይያስ አጎደለብኝ" ብሎ አያውቅም፤ አንድ ነጋዴም "ጨመረብኝ" አላለም። ቢሆንም እውነት አለሽ። ስለዚህ ከመስከረም 18 ጀምሮ እንዳዘዝሽኝ ቁርጡን፣ ምንም ሳልጨምር ጽፌልሻለሁ። ከእንግዲህ አጎቴ ደበቀኝ አትዪም።

መስመሩን ይኸው። የአሁኑን ለኢክላስም አላሳየሁም፤ ራሴ ችዬዋለሁ።

እናትሽ ትስምሻለች።

አጎትሽ ኢሳይያስ

---

መስከት፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ምርቃቱን ዛሬ ይለፉኝ፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

ወረቀቱን ቆሜ ነው የከፈትኩት። መስከረም 11 ቀን 43 ከግማሽ። መስከረም 18 ቀን 41! በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል! እርስዎ ደግሞ ከሥሩ "ከእንግዲህ ቁርጡን ጽፌልሻለሁ" ይላሉ። እንግዲህ የክረምቱ ሁሉ ለእኔ ማጽናኛ ነበር ማለት ነው?

እንዲህ ያለ መስመር አይቻለሁ። አልጋ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ የነበሩ ሴትዮ ነበሩ፤ ቀስ እያሉ ሲሻላቸው ቆዩና አንድ ቀን መስመራቸው እንዲህ ቁልቁል ተሰበረ። ከዚያ ትንሽ ቀና አለ፣ ሁሉም ተደሰቱ። በሦስተኛው ሳምንት አልጋቸውን ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀረዋል፤ አቋርጬ ከሄድኩ ተመልሼ መግባት አልችልም። ይሁን። ሥራ ይገኛል። ትኬቱ የኅዳር 20 ነው። አባቴን አልቀበርኩም፤ እናቴን ግን በሕይወት እያለች አገኛታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። "አትምጪ፣ ደህና ናት" ብለው እንዳይጽፉልኝ። ይቺን ቃል ከእርስዎ እጅ ሁለተኛ ማየት አልችልም።

ዓለምሸት

---

ሸኮ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምሸት፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው፤ የኔንም ይቅር ይበል። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ እግዜር ያሳይሽ! ቃሉን ባታምኚ ከሥሩ ያለውን መስመር እመኚ።

ደብዳቤሽ ትናንት ሰኞ ደረሰኝ። እናትሽ ደጅ በቆሎ ትፈለፍላለች፤ ፊቴን አይታ "ልጄ ምን ሆነች?" ብላ ቅሉን ጥላ ተነሳች። "ልጅሽ ያንቺን ሞት ፈርታ ልትመጣ ነው" ብዬ እንዴት ልንገራት? ኢክላስን ከክፍሏ ጠራኋት። ለራሴ ያስቀረሁትን ቅጂ አየች። ከዚያ ማስመሪያ አመጣች።

ማስመሪያውን ከመስከረም 11 በፊት ባለው መስመር ላይ አስተኛች። ጋደል እንዳለ ሳታዛባው ወደ ታች አንሸራታ ከመስከረም 18 በኋላ ባለው ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ! "ጋሼ፣ ይዩ" አለችኝ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ። "ከመውደቁ በፊትም በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወጣል፣ ከወደቀ በኋላም ያው ግማሽ ኪሎ ይወጣል። የታመመ ሰው እንዲህ አይወድቅም። ሰውነት ቢከዳት ኖሮ መስመሩ ይጎብጥ ነበር እንጂ እንደ ደረጃ አንድ ርምጃ ወርዶ የድሮውን መንገድ አይቀጥልም። ወላሂ፣ ይህ የሰው እጅ ነው። መስከረም 18 ቀን ምን አደረጉ?"

"ምንም!" አልኩ። "የጆንያውን ብቻ ነው የቀነስኩት።"

"የምን ጆንያ?"

ያኔ ነው የነቃሁት። ወይ ጉድ! ወይ የሽማግሌ ነገር!

ልጄ፣ አንቺ ጋቢና ቦት ብለሽ ስትጽፊልኝ እውነትም ብዬ እናትሽ በሌለችበት ሁለቱን በእጄ ብመዝናቸው ሦስት ኪሎ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ በሩ ላይ ከሚጽፈው ላይ ሦስት ሦስት ኪሎ እቀንስ ነበር። በእኛ ሥራ ከቡናው ክብደት ላይ የጆንያ ኪሎ ሁልጊዜ ይቀነሳል። ተቀነሰ ተብሎ አይጻፍም፣ አይነገርምም፤ የማያውቅ ገበሬ የለምና። ላንቺም መንገር እንዳለብኝ ፈጽሞ አልመጣልኝም። "ቁርጡን ጽፌልሻለሁ" ያልኩሽ ይህንኑ ነው።

ይህም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እናትሽ ነገሩ ሲገባት ወገቧን ይዛ ሳቀች። "ጋቢዬን? ጋቢዬንማ በር ላይ ካለው ምስማር ሰቅዬ ነው የምወጣው! ቦቱንም አወልቃለሁ፤ ጭቃ ተሸክሜ የሰው ሚዛን ላይ እንዴት ልቁም?" ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ እንዲሁ ነው ስታደርግ የኖረችው። እኔ ደጅ ተቀምጬ ከነጋቢዋ ስትገባ አያለሁ፣ ከነጋቢዋ ስትወጣ አያለሁ። ጥበቡን ጠይቄው አላውቅም። ባልለበሰችው ልብስ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ሦስት ኪሎ ሰረቅኋት! ገበሬውን ሁሉ ያላጎደልኩ ሰውዬ በገዛ እህቴ ላይ አጎደልኩ።

ቃሌ ብቻ እንዳይሆን ይኸው ምስክሩ። ጤና ጣቢያውም በየወሩ ይመዝናታል፤ ካርዷ ላይ ጥቅምት 22 ቀን 46 ተብሎ ተጽፏል። በማግስቱ እኔ 43 ብዬ ነው የጻፍኩት። ሦስቱን መልሺው፣ 46። ደግሞ አክታዋ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል፤ በካርዱ ጀርባ ላይ አለ። ትናንት ሚዛን ቤቱን አስከፍቼ፣ እኔው ውስጥ ገብቼ፣ በዓይኔ እያየሁ መዘንኳት። ያለ ጋቢ፣ ያለ ቦት፣ 47!

አዲሱን መስመር ኢክላስ አሰመረችው፤ የስሕተቱንም አብሬ አስቀርቼልሻለሁ፣ እንድታመሳክሪ። የመጨረሻዋን ነጥብ ግን የምታያት ትልቋ የኢክላስ አይደለችም። እናትሽ እስክሪብቶውን ከእጃችን ነጥቃ ራሷ አደረገቻት። ፊደል ያልቆጠረ እጅ ነውና የቡና ፍሬ አሳከለችው። "የኔ ጣት መሆኑን ታውቅ" አለች።

ነገ ኢክላስ ወደ ሚዛን ከተማ ስለምትወርድ ከዚያ ኔትወርክ ሲገኝ ወረቀቱንም ካርዱንም ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ስልክ ቁጥርሽን ሰጥቻታለሁ። ደብዳቤው በፖስታ ይከተላል።

"አትምጪ" አልልሽም፤ ከልክለሽኛል። መስመሩን እይና የወደድሽውን አድርጊ። እናትሽ ግን አንድ ጥያቄ አላት፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦ "የኔን ኪሎ በየቅዳሜው ስትቆጥር ኖራለች። የሷስ መስመር የታለ?"

ያጎደለብሽ አጎትሽ ኢሳይያስ

---

መስከት፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣ እድሜዎን እንደ ሸኮ ጫካ ያርዝመው!

ፎቶው በኅዳር 11 ደረሰኝ፤ ደረጃ እያጸዳሁ ነበር። ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። የሆስፒታሉን መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ በጠርዙ የስልኩን መስታወት ለካሁት፤ ኢክላስ እንዳለችው ላይኛውም ታችኛውም አንድ ዓይነት ጋደል ይላል። ያ የፈራሁት ገደል የጆንያ ነበር! ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ሳቅሁ። አንዲት ነርስ መጥታ "ምን ሆነሻል?" ብትለኝ በምን ቋንቋ ልንገራት? "እናቴ ጆንያ አይደለችም" አልኳት።

የእናቴን ነጥብ አጉልቼ አየኋት። ስሜያታለሁ።

ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ጋቢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባላምንዎት ጊዜ ነው መስመሩ የወደቀው። ይቅር ይበሉኝ። የአባቴንም ነገር ከዛሬ ጀምሮ ዘግቼዋለሁ።

ትኬቱን መልሻለሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ሥራሽ አለ ብሎኛል።

አሁን የእናቴን ጥያቄ ልመልስ። ዓመቱን ሙሉ እናንተን "እውነቱን፣ እውነቱን" ስል ስለራሴ "ደህና ነኝ" ብቻ ነበር የምጽፈው። እዚህም ሚዛን አለ። ሰኔ ላይ 58 ነበርኩ፤ ነሐሴ 57፤ መስከረም 56፤ ጥቅምት 54፤ አሁን 52። በሽታ አይደለም፤ ተመርምሬያለሁ። ሐሳብ ነው፤ ሁለት ፈረቃ መሥራቴም ተጨምሮበታል፣ ለእናቴ መታከሚያ ብዬ። ሁለተኛውን ፈረቃ ዛሬ ትቼዋለሁ። መስመሬን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እንግዲህ ከስድስት ኪሎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ልጅዎ ዓለምሸት

---

ሸኮ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምሸት፣

ጌታ ስድስቱን ኪሎ በአሥር ይመልስልሽ።

መስመርሽን አየነው። እናትሽ አልተቆጣችም፤ ወረቀቱን በመዳፏ ደባበሰችው። ከዚያ ኢክላስን "የሷንም በኔው ላይ አድርጊልኝ" አለቻት። አሁን በአንድ ወረቀት ላይ ናችሁ፤ እሷ በቀይ፣ አንቺ በሰማያዊ። ከታች የሷ ሲወጣ፣ ከላይ ያንቺ ሲወርድ ይታያል፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃል። እኔም የሒሳብ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ማስመሪያ ይዤ አስረዳለሁ፣ ኢክላስ ትስቅብኛለች።

ትናንት ቅዳሜ 48 ከግማሽ ገብታለች። መድኃኒቱ ታኅሣሥ 20 ያልቃል። ማሳሉ ከጠፋ ቆይቷል። የቡና ለቀማ ልውጣ ብላ ትናንት ከእኔ ጋር ተጣላች፤ ደስ ብሎኝ ነው የተጣላኋት።

ሹራቡን ጠየቀችኝ። ከሳጥኑ አውጥቼ ሰጠኋት። የወንድ ነውና ትከሻው ሰፍቷት ነበር፤ ቢሆንም ማታ ማታ ትለብሰዋለች። "ለሞተ ሰው አልተገዛም፤ ለኔ ነው የተገዛው" ብላሻለች።

አንድ ነገር ልጨምር። "ሁለቱ የት ይገናኛሉ?" ብላ ብትጠይቀኝ ማስመሪያዬን አንስቼ ወደ ጥር ላስረዝመው ስል ኢክላስ እጄን ያዘችኝ። "ጋሼ፣ ገና ያልተመዘነ አይሰመርም" አለች። እውነቷን ነው። የጥርን ቦታ ባዶውን ትተነዋል። እናትሽ ግን በየቀኑ ያንኑ ባዶ ቦታ ነው የምታየው።

አጎትሽ ኢሳይያስ

---

መስከት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ የልደቱ ጌታ ቤታችሁን በእልልታ ይሙላ።

ዛሬ የእናቴ የመጨረሻ ክኒን ነው። ጠዋት በአገራችን ሰዓት ቆጥሬ፣ እሷ ስትውጥ እኔም አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ።

እኔ 53 ገብቻለሁ። ሰማያዊው መስመር ቀና ማለት ጀምሯል፤ ይህቺን ነጥብ ኢክላስ ታድርግልኝ።

የጥርን ነጥብ ግን አልልክም። የአርባ ቀን ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ኮንትራቴም እንዳለ ነው። ጥር 2 ቀን ተነስቼ አዲስ አበባ አንድ ቀን አድሬ ወደ ሚዛን፣ ከዚያ ወደ እናንተ። ጥር 10 ቅዳሜ ነው። ጥበቡ ጠመኔውን ያዘጋጅ። እርስዎ ደጅ አይቀመጡ፤ ውስጥ ገብተው በዓይንዎ ያያሉ። እናቴ ጋቢዋን ምስማሩ ላይ ትስቀል፤ ቀድማ ትመዘን። ከሷ ቀጥሎ እኔ እቆማለሁ፣ ባዶውን ቦታ እንሞላዋለን።

ደስታዬን ካልቻልኩት ግን ሻንጣዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ዘልዬ ሚዛኑ ላይ እወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ፣ ጋሼ፣ የጆንያውን ይቀንሱልኝ።

ልጅዎ ዓለምሸት